ሟች የሌለበት ለቅሶ

በሆላንድ አገር፣ ከባሕሩ ወለል ዝቅ ብላ በግድብ የተከለለች፣ ሊንደርዳይክ የምትባል አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ አለች ይባላል። በዚህች ከተማ፣ ከውኃው ቦይ ዳር በተዘረጋው ጠባብ መንገድ ላይ አዲስ ተከራይ ሲገባ፣ በመጀመሪያው እሑድ ጧት የቤቱ መጋረጃ ሆን ተብሎ ይዘጋል፤ ጎረቤቶቹም ጥቁር ለብሰው፣ የአተር ሾርባ በድስት ይዘው ይመጡና አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚው ሲያያቸው ሰው የሞተ ይመስለዋል፤ የሞተ ግን የለም። በዚያ የሚኖሩ ሐበሾች ልማዱን «ሟች የሌለበት ለቅሶ» ይሉታል። ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው ደግሞ ወንበር ስቦ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም ልማዱን ያስጀመረውን፣ ተሻገር የሚባለውን ሰው ታሪክ በቁሙ የሚጨርስ ተራኪ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንደሚነገረው ተሻገር የደብረ ታቦር ሰው ነበር። አንዳንዱ አናጢ ነበር ይላል፣ ሌላው የለም መምህር ነበር ብሎ ይከራከራል፤ ሁሉም የሚስማሙበት ግን በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ሚስቱን ይታክቱንና ትንሽ ልጁን ካርቱም ትቶ፣ ሆላንድ መግባቱን ነው። ሊያስመጣቸው ሲጠይቅ፣ የሆላንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት «በስምህ የተፈረመ የቤት ኪራይ ውል አምጣ» አለው። ውል ያለ ቤት አይሆንም፣ ቤት ደግሞ ለማይታወቅ ጥቁር ሰው በቀላሉ አይሰጥም፤ እናም ሰውዬው ስንት በር እንዳንኳኳ ጫማው ይመስክርለት።

በመጨረሻ ኔልቼ የሚሏት ባሏ የሞተባት አሮጊት የቦይ ዳሯን ቤቷን አሳየችው። አራት መቶ ዓመት የሞላት የጡብ ቤት ነች፤ ጠጅ ቤት እንዳመሸ ሰው ወደ ውኃው ዘመም ብላለች፤ ደረጃዋን ደረጃ ከማለት መሰላል ማለት ይቀላል። ቅርስ ናትና በፊት ለፊቷ ግንብ ላይ ሚስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው። እማማ ኔልቼ ቁልፉን ስትሰጠው በጣቷ አንድ አሳየችው፦ «አንድ ወር ኑርባት። ከጎረቤት ከተስማማህ እፈርማለሁ፤ ካልተስማማህ ግን ትለቃለህ።»

ከዚያ ወዲያ ተሻገር በገዛ ኪራይ ቤቱ እንደ እንግዳ ሆነ። በደረጃው ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ ይወጣል፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ትራስ ፈልጎ ነው። ያስቸገረው ያ ትልቅ መስኮት ብቻ ነበር። የከተማዋ ሰው ቀንም ማታም መጋረጃ አይዘጋም፤ ሳሎኑ ከነወንበሩ ከነምግቡ ለመንገደኛ ወለል ብሎ ይታያል። ታዲያ ተሻገር እራቱን ሊበላ ሲቀርብ ሰው ያልፋል፤ የሚበላ ሰው ደግሞ ያየውን ሳይጋብዝ አይጎርስም፤ ስለዚህ ከወንበሩ ብድግ ይልና ጉርሻውን ከፍ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ «እንብላ!» ይላል። አላፊው እጁን አወዛውዞለት ይሄዳል። ተሻገር ይቀመጣል፣ ሌላው ይመጣል፣ እንደገና ይነሣል። ምግቡ በረደ፣ ጉልበቱ ዛለ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ጠርቶ አንድ ሰው አለመግባቱ ነበር። «ጠልተውኛል» አለ በልቡ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ገዛ። ርካሹ እሱ ነበር። ግንቡን ሳይነካ፣ ከውስጥ በኩል በገመድ አሰረና መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ጋረደው፤ በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይነሣ በላ።

ያላወቀው ነገር፣ በሊንደርዳይክ የድሮ ሥርዓት መስኮት ተጋርዶ የሚያነጋው ሞት የገባበት ቤት ብቻ መሆኑን ነው።

እሑድ ገና በጧቱ በሩ ተንኳኳ። ተሻገር ሲከፍት እማማ ኔልቼ ከፊት፣ ጎረቤቱ ሽማግሌው ሄንድሪክ ከኋላ፣ ከነሱም በኋላ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ አዛውንት፣ ሁሉም ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። አንዷ ድስት ይዛለች። ማንም ቃል አይናገርም። ሄንድሪክ ወደ ፊት መጣና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

በጧት፣ በሽማግሌ፣ በዝምታ የሚመጣ ምን እንደሆነ ሐበሻ ይነገረው ዘንድ አያስፈልገውም። መርዶ ነው። ከካርቱም ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በተሰባበረ ቋንቋው «ማን? ማን?» ብሎ ጠየቀ፤ እነሱ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ተሻገር «ይታክቱዬ!» ብሎ ጮኸ፣ ደረቱን መታ፣ ደረጃው ሥር ተደፋ።

የሊንደርዳይክ ሰው ያን የመሰለ ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም። በዚያ አገር ሰው ሲሞት መሐረብ አፍ ላይ ተይዞ፣ እንባ በልክ ወጥቶ ነው የሚቀበረው። ሰውዬው ግን እየተነሣ እየወደቀ፣ የመንገዱን አቧራ፣ የካርቱምን ጥላ፣ የሚስቱን አካሄድ እየጠራ ሲያለቅስ፣ ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ድስት የያዘችው አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሄንድሪክ ጢሙ ራሰ። እማማ ኔልቼ ደግሞ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሳሎን የባሏን አስከሬን አስተኝታ ወደ መቃብር የሸኘች፣ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠብታ ሰው ፊት ያላፈሰሰች ሴት፣ ወለሉ ላይ ተሻገር አጠገብ ቁጭ ብላ የባሏን ስም ጠራች። በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማንሣት ለካ በዚያም አገር አለ።

እንዲህ እንዳሉ፣ ሄንድሪክ ቋንቋ የሚያስታርቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ትዝ አለውና፣ በአጎራባቹ ከተማ ነርስ የነበረችውን ሐበሻዋን ወለላን በስልክ ጠራት። ወለላ በብስክሌት እየከነፈች ደረሰች፤ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ አዘቅዝቃ ነበር።

«ጋሼ ተሻገር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማን ነው ያረፈብን?»

«አልነገሩኝም እኮ፣ እህቴ! አንቺ ጠይቂልኝ። ይታክቱ ናት? ወይስ ልጄ ነው?»

ወለላ ወደ አዛውንቱ ዞራ ጠየቀች። ሄንድሪክ ግራ ገብቶት ተሻገርን በጣቱ አሳየ፦ «እኛ ምን እናውቃለን? እሱ ቤት ነው እንጂ ለቅሶው! መስኮቱን ዘግቶ የለም እንዴ?»

ወለላ ጥቁሩን ጨርቅ አየች፣ ጥቁር የለበሱትን አየች፣ ድስቱን አየች። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለችና ነጠላዋን ገልብጣ መልሳ አጣፋች። «ጋሼ፣ ማንም አልሞተም። ሊያስተዛዝኑዎት ነው የመጡት፤ ሟቹን ግን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት ብለው።»

ይታክቱ በሕይወት አለች የሚለው ነገር ቀስ ብሎ የተሻገር ልብ ውስጥ ገባና፣ እንባው ሳይደርቅ ሳቅ አፈነው። ወለላ ለአዛውንቱ ስትተረጉምላቸው ሄንድሪክ እግሩ እስኪከዳው ሳቀ፤ ተሻገር «እንብላ» እያለ ሃያ ሰባት ቀን እንደጠራቸው ነግሯት ስትተረጉምላቸው ግን ሳቁ ቆመ፣ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። ሰላምታ መስሏቸው ነበር። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ቀሩ ይባላል፤ ሁሉም ተቀምጠው ሾርባውን ከተሻገር ጋር በሉ። እማማ ኔልቼ ዓይኗን ጠርጋ ውሉን ከቦርሳዋ አወጣችና ፈረመች። «ለሚስቱ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው» አለች፣ «ቤት ውስጥ ያስቀምጣት።»

የዘገየው ደብዳቤ በማግስቱ መጣ የሚሉም አሉ፤ ይኼኛውን ግን ተራኪው ለማሳመር የጨመረው ሳይሆን አይቀርም። እርግጡ፣ ከአምስት ወር በኋላ ይታክቱ ልጇን በእጇ ይዛ ቦይ ዳር መውረዷ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ ነበር። እያንዳንዱ እየመጣ እጇን ይዞ፣ ሳይለቅ፣ ፊቷን አተኩሮ ያያታል፤ ሄንድሪክማ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?» አለች ባሏን በጆሮው።

«አልቅሰውልሽ ነበር» አላት ተሻገር።

ይታክቱ ነገሩን ሁሉ ቆማ ሰማች። አልሳቀችም። ወደ አዛውንቱ ተመልሳ አንድ በአንድ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እነሱም ደንግጠው አነሷት። «እንግዲያው ዘመዶቼ ናቸው» አለች፣ «ሰው የሚያለቅስልህ ዘመድ ስትሆን ነው።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቦይ ዳሩ መንገድ ያለ ለቅሶ የሚገባ ተከራይ የለም ይባላል። ከየትም ይምጣ፣ ሐበሻም ይሁን ሆላንዳዊ፣ በዚያ እሑድ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃል፦ «ወደ ኋላ የቀረብህ ማን አለ?» ያለው ስሙን ይጠራል፤ እናት፣ ሚስት፣ ወንድም፤ እነሱም አብረውት ስሙን ይጠራሉ። አልፎ አልፎ ብዙ አስቦ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ማንም የለኝም» የሚል ይመጣል። ያን ጊዜ ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ተነሥቶ ሾርባውን ይቀዳለታል፤ «እንግዲያው ስምህን ንገረን» ይለዋል፣ «እኛ እንድናለቅስልህ።»