በሦስት ጎን የተከለለው ጣራ

ትእዛዙን አብዛኛውን ጠብቆ ጥቂቷን ለራሱ የሚያስቀር ሰው ሲገኝ፣ ሽማግሌዎቻችን አይቆጡትም። አንዲት አጭር ቃል ይሉትና ያልፋሉ። ቃሏን ሁሉም ያውቃታል፤ የወጣችበትን ቤት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ደጋግሜ ጠይቄ ነው የሰማሁት።

በዋግ በኩል ጣራው እንደ አውድማ ጠፍጣፋ የሆነ የድንጋይ ቤት ይሠራል። ሰዉ እህል የሚያሰጣውም ፀሐይ የሚሞቀውም እዚያው ጣራ ላይ ነው። ኪሮስ የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ቤት አሠራ። ግንበኛው ዳዊት ደጋሚው ሽማግሌ አያ ገብረእግዚ ነበሩ። ጣራው ተመርጎ ሲያልቅ ኪሮስ "እንግዲህ ቤቱን ይመርቁልኝ" ቢላቸው፣ መዶሻቸውን አላስቀመጡም።

"መከታው ቀርቷል" አሉት። "ቤት የሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ ደም እንዳይሆንበት የጣራውን ዙሪያ ይከልል ይላል ኦሪቱ።"

"እኔ ቤት እኮ የሚድህ ልጅ የለም፣ አያ ገብረእግዚ። እኔንስ ሰክሬ አይተውኝ ያውቃሉ?"

"ኦሪቱ ሰካራም አላለም፤ ቤት የሠራ ነው ያለው።"

ኪሮስ ሳቀ። እግዜርን የሚፈራ ሰው ነውና እንቢ ማለቱን አልወደደውም። ግን ደግሞ በምሥራቅ በኩል፣ ከገበያው መንገድ ትይዩ ጣራው ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን "ከወዴት ናችሁ? ደህና ሰነበታችሁ?" ማለት ይወዳል። ግንብ ቢቆም ይህ ሊቀርበት ነው።

"በሉ እንስማማ" አለ። "ሦስቱን ጎን ይሥሩት፤ የምሥራቁን ለእኔ ይተዉልኝ። ከአራት ሦስቱን መታዘዝ ትንሽ ነው?"

ሽማግሌው ቢለምኑት አልሰማ አለ። ሦስቱን ሠርተው ሄዱ።

የኪሮስ እናት እማሆይ ትርሐስ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በድሮው ቤት ጣራ ላይ ሲያወጧቸው መሐል ላይ ይቀመጡና ንቅንቅ አይሉም ነበር። በአዲሱ ቤት ግን እጃቸው ግንብ አገኘ። መጀመሪያ ከደረጃው አጠገብ ጥቂት እርምጃ ወዲያና ወዲህ አሉ፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ አሉ። ያለመሪ መሄድ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስተውት ኖሯል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኪሮስ ከእርሻ ሲመለስ ቀና ቢል፣ እናቱ ማዕዘኑን ዞረው፣ መዳፋቸውን ከግንቡ ሳያነሱ፣ መዝሙራቸውን በለሆሳስ እየደገሙ ወደ ምሥራቅ ይመጣሉ። ልጩህ ቢል ደንግጠው ወደ ባዶው ሊራመዱበት ነው። ድምፁን እንደምንም አለስልሶ፣

"እማዬ፣ እዚያው ቁሚልኝ" አለ።

"ምነው ልጄ? ግንቡን ይዤ እኮ ነው።"

"ግንቡ እዚያ ጋ ያልቃል።"

ቆሙ። እጃቸውን ወደፊት ቢዘረጉ ነፋስ ብቻ ነበር።

"ግንበኛውን ድንጋይ አጠራቸው እንዴ?"

"የለም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። መንገዱን ላይበት ብዬ።"

እማሆይ የዘረጉትን እጅ ወደ ግንቡ መለሱ። "እኔ ደግሞ ዙሪያውን የተከለለ መስሎኝ" አሉ ቀስ ብለው። "የልጄ ቤት ነው ብዬ፣ እጄን ብቻ አምኜ ነው የመጣሁት።" ከዚያ እዚያው ባሉበት ቁጭ አሉ።

ኪሮስ ሮጦ ወጥቶ አቀፋቸው። እሱ እሳቸውን በማባበል ፈንታ እሳቸው እሱን ያባብሉት ጀመር።

በዚያው ቀን አያ ገብረእግዚን ለምኖ አመጣ፤ ድንጋዩንም በገዛ ትከሻው ያመላልስ ነበር። አንዱን ሸክም ሊያወርድ ሲል አንገቱን ደፍቶ፣

"እናቴን ላጣ ነበር እኮ፣ አያ ገብረእግዚ" አለ። "ሦስቱን ጠብቄ፣ አንድ ጎን ብቻ ባስቀር።"

ሽማግሌው ድንጋዩን ከትከሻው ተቀበሉትና፣ "ልጄ" አሉት፣ "ለወዳቂ አንድ ጎን ይበቃዋል።"