እመት ኤሊና አፈኛው ተከራይዋ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ኤሊ ቤት አከራይ ነበረች። ትስቃላችሁ አይደል! ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር ሰው ሁለተኛ ቤት ምን ያደርግላታል? እመት ኤሊ ግን አርጅታለች። ቅጠል ፍለጋ ወጥታ ሳትመለስ ክረምት ይገባል። ስለዚህ ጎጆ ቀልሳ አከራየች፤ ኪራዩም ቅጠል ነው። ተከራይ ከሌለ ጦሟን ማደሯ ነው።

መጀመሪያ ጃርት ገባ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ ሲያክ፣ ሲያክ ወንፊት አደረገውና «ቤቱ ነፋስ ያስገባል» ብሎ ወጣ። እመት ኤሊ ግድግዳውን በድንጋይ ካበች።

ቀጥሎ ከርከሮ ገባ። ወለሉን በአፍንጫው አረሰውና «አቧራው አስነጠሰኝ» ብሎ ወጣ። እመት ኤሊ ወለሉንም ድንጋይ አነጠፈች።

በመጨረሻ አያ ዝንጀሮ ገባ። እጁ አያርፍም፤ አፉ ደግሞ ከእጁ የባሰ! ከጣሪያው ሰንበሌጥ እየመዘዘ አልጋው ላይ ይጎዘጉዛል። ዝናብ ሲንጠባጠብበት ተቆጣ።

«እመት ኤሊ፣ ጣሪያዎ ያፈሳል! ቅጠል አልሰጥም።»

«ውይ ልጄ፣ ምን ይሻላል?»

«ማን ነው የከደነው? እጁ ይሰበር! እኔ ብሆን ጠብታ አላስገባም ነበር።»

እመት ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰብስባ አሰበች። ጣሪያ በድንጋይ አይካብ ነገር! በነጋታው ግን ንፍሮ ቀቅላ ደቦ ጠራች። አገሩ ሁሉ መጣ፤ ጃርትና ከርከሮም ለንፍሮው አልቀሩም።

«ዛሬ ጣሪያ የሚወጣው አያ ዝንጀሮ ነው። እሱ ከከደነ ጠብታ አይገባም ብሎኛል» አለች።

በደቦ ፊት ቃል ማጠፍ ነውር ነው። ዝንጀሮ እየተነጫነጨ ወጣ። ከደነ፣ አሰረ፣ ደግሞ ከደነ። ፀሐይ መቀመጫውን ጠበሰችው፤ የዝንጀሮ መቀመጫ የቀላው ያን ቀን ነው። ወደ ማታ ሣር አነሰ።

«አልጋህ ላይ ያለውን ጨምርበት፣ ልጄ» አለች እመት ኤሊ ረጋ ብላ።

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። ከርከሮማ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

በማግስቱ አንዲት ወፍ ለጎጆዋ አንድ ሰበዝ ብትመዝ ዝንጀሮ እየጮኸ ወጣ። «አንቺ! መቀመጫዬን የጠበስኩበትን ጣሪያ!» ወፏ በረረች። እመት ኤሊም ከዚያ ወዲያ ቅጠል ቀርቶባት አያውቅም።

አያችሁ ልጆች፣ የከደነ እጅ ሰበዝ አይመዝም። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። እናንተም ግድግዳውን በከሰል መሞነጫጨር አብቁ፤ ነገ ደቦ ሳልጠራባችሁ!