የመምህር አሰግድ ክራር

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ውስጥ መምህር አሰግድ የሚባሉ የዜማ ደራሲ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱባት አሮጌ ክራራቸው ዓመል ነበራት፤ ጨዋታው ሲሞቅ ሦስተኛው ክሯ ይላላና ድምፁ ዝቅ ይላል። መምህር ግን አያጠብቁትም፤ «ተዉዋት፣ ደክሟት ነው» ብለው ይቀጥላሉ። ሊሞቱ ሲሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺመቤትን ጠርተው፣ «ክራሬን እኔን ለሚመልስልሽ ሰው ስጪው» አሏቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት በልባቸው፣ «የሞተ ሰው ደግሞ ማን ይመልሳል?» አሉ። ክራሯን ግድግዳ ላይ ሰቀሉና ቀና ብለው ሊያዩዋት እንኳ ሳይደፍሩ ዓመት ሞላ።

አቶ ደምሰውም ዜማ ደራሲ ናቸው፤ ከመምህር ጋር ሃያ ዓመት ሲፎካከሩ ኖረዋል። የራሳቸውን ሥራ ወዲያ ብለው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጽፉ ሲሰርዙ ቆይተው፣ ክራርና ማሲንቆ የሚጨዋወቱበት ዜማ ለሙት ዓመቱ አደረሱ። «በሕይወት ሳለ አንድ ቀን አላመሰገንኩትም» አሉ ኖታውን ለተጫዋቾቹ ሲያስረክቡ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ያቺን ክራር ከግድግዳው አውርዳ የተጫወተችው የመምህር ተማሪ የነበረችው ትርሲት ናት። ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ ያ ሦስተኛ ክር ላላ። አቶ ደምሰው ከፊት ወንበር ሆነው አጥብቂው እያሉ በዓይናቸው ይጠቅሷታል። አየቻቸው፤ አላጠበቀችም።

ማሲንቆ የያዘው ባየልኝ ጭንቅ ውስጥ ገባ። እንደ ተጻፈው ቢቀጥል ሁለቱ ድምፆች ሊጣሉ ነው። ዓይኑን ከኖታው ነቀለና፣ አንድም ቀን ሳይለማመደው፣ የማሲንቆውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተከተላት።

የወይዘሮ የሺመቤት እንባ ዱብ ዱብ አለ። «እሱ ነው! ራሱ አሰግድ ነው!» አሉ። ዓመት ሙሉ ያጡትን ባላቸውን በጆሯቸው አገኙት።

ሰው ሲበተን ክራሯን ታቅፈው ሦስቱን ጠሯቸው።

«እኔ ባልጽፍ ምን ትጫወቱ ነበር?» አሉ አቶ ደምሰው።

«ክሩን ባጠብቀው ኖሮ፣ እማማ፣ እሳቸውን ይሰሙ ነበር?» አለች ትርሲት።

ባየልኝ ሳቅ አለ። «እኔ ባልከተላትማ ጆሯችሁን ይዛችሁ ትወጡ ነበር።»

ወይዘሮ የሺመቤት አንዱን አይተው ወደ ሌላው ዞሩ። የሁሉም እውነት ነው፤ ክራሯ ግን አንዲት ናት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ መምህር አሰግድን ለባለቤታቸው የመለሰው ማነው?