ከልኩ በላይ የሮጠው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካሜራውን ተሸክሞ ሙሽራ ይከተላል፤ በሌላው ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ቁጭ ብሎ የቀረጸውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ሙዚቃ ያስገባበታል። ስሙ ዳኛቸው ይባላል። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። «ንገርልኝ» ብሎኛል። ስለዚህ የትኛው ይሆን እያላችሁ ጎን ለጎን አትተያዩ።

የሠርግ ቪዲዮን ነገር ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹ ወልደው፣ ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር ነው የሚደርሰው። ሳቃችሁ? የእናንተም እንደዚያ ነበር ማለት ነው። ዳኛቸው ይህን አየና በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ሰቀለ፦ «የሠርግዎ ቪዲዮ ለመልስዎ ይደርሳል!» ሠርጉ እሑድ ከሆነ መልሱ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ድንኳኑ ውስጥ ስክሪን ይዘረጋል፤ ዘመድ ወዳጅ እየበላ የእሑዱን ሠርግ ያያል። ሙሉውን አይደለም፤ በዘፈን የታጀበ አጭር ቪዲዮ ነው። «ሙሉው በኋላ ይመጣል» ይባላል። ከተማው ጉድ አለ። ሌላው ስቱዲዮ ዝንብ እሽ ሲል እሱ ጋ ሰው ተሰለፈ።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ኮምፒውተሩ አልደርስ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ እኔም ሰው አስረድቶኝ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባል አለ። የሚያሰላው እሱ ነው። የሠራው ፋብሪካ «በዚህ ፍጥነት ሥራ» ብሎ ልክ ሰጥቶታል። ነገር ግን ውስጡ ተገብቶ፣ ሴቲንጉ ተነካክቶ፣ ከልኩ በላይ እንዲሮጥ ማድረግ ይቻላል። ይህን ያሳየው ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው ሲሳይ ነው።

«ቀስ እያልክ ነው የምትጨምረው» አለው ሲሳይ። «ትንሽ ጨምርና ቀኑን ሙሉ ከባድ ሥራ እየሰጠህ ፈትነው። ከጸና ሌላ ትንሽ ትጨምራለህ። ካልጸና ትመልሰዋለህ። አትቸኩል።»

አትቸኩል የሚለው ለማን ነው? ለመልስ ይደርሳል ብሎ በር ላይ ለጻፈ ሰው! ዳኛቸው ደረጃውን ሁሉ ዘሎ ፍጥነቱን ጣሪያው ላይ አወጣው። ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ፈተነው። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። «ጸና!» አለ። ወገኖቼ፣ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ መቆም ጽናት ከሆነማ ሁላችንም ጸንተናል።

ለጥቂት ጊዜ ደስ የሚል ነገር ሆነ። ሥራው ይበርራል። ከዚያ አንድ ቀን ቪዲዮ እየቆረጠ ሳለ ድርግም! ስክሪኑ ጠቆረ። ዳኛቸው ምን አለ? እናንተ ብትሆኑ የምትሉትን ነዋ።

«መብራት ነው!»

ሚስቱ ምንትዋብ አጠገቡ ተቀምጣ አልበም ትሠራለች። ቀና አለችና ጣሪያውን አየች። «ዳኜ፣ አምፖሉ እኮ እንደበራ ነው።»

«ጠፋ ብሎ ተመልሶ ነው። አላየሽውም።»

መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ገዛ። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። «መብራት ነው!» አምፖሉ እንደበራ ነው። ጎረቤት ያለው ጸጉር ቤት ማሽኑን እያንጫረረ ነው። ከተማው ሁሉ ብርሃን አለው። ዳኛቸው ግን መብራቱን ይረግማል። ለምን? መብራት ከሆነ ጥፋቱ የእሱ አይደለማ!

መብራት የሚለው ሰበብ ሲያልቅበት ወደ ሌላው ሄደ። ራም የሚባለውን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ነቅሎ በላጲስ ፈገፈገው። ድርግም። አቧራውን አራገፈ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ቅባት አድሶ ቀባ። ድርግም። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። ድርግም። የኮምፒውተሩን ሽፋን ከፍቶ የቤት ቬንትሌተር ደቀነበት። ምንትዋብ ስቱዲዮ ውስጥ ጋቢ ለብሳ መሥራት ጀመረች። በመጨረሻ ለፕሮሰሰሩ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ጨመረለት። ያን ጊዜ ደግሞ ጋለ። ኮምፒውተሩ ራሱን ከቃጠሎ የሚያድንበት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ሲግል ይጮኻል። ዳኛቸው ጩኸቱን ዘጋው።

ሰማችሁኝ? ሙቀቱን አልቀነሰም። ጩኸቱን ነው የዘጋው።

ሲሳይ ጋ ደወለ። «ምን ላድርግ? አበድኩ እኮ!»

«ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው ልክ መልሰህ አይተኸዋል?»

«እሱን ተወውና ሌላ ነገር ንገረኝ።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ። እሱን ተወውና ሌላ ነገር ንገረኝ። ሁሉን ነካ፣ ሁሉን ፈታ፣ ሁሉን ለወጠ። በገዛ እጁ የጨመረውን አንዱን ነገር ግን አልነካም። እሱን ከነካ ለመልስ አይደርስማ። ለመልስ ካልደረሰ በሩ ላይ የተጻፈው ውሸት ይሆናል። ሰው ፊት የገባው ቃል ከፋብሪካው ልክ በለጠበት።

ቢጨንቀው ፍጥነቱን ከጣሪያው ላይ ጥቂት ዝቅ አደረገው። ወደ ልኩ መመለስ እንኳ አይባልም፤ ድርግም ማለቱ እስኪቀር ድረስ ብቻ ነው። ቀረም። ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ አይጠፋም። ዳኛቸው «ተመስገን» አለ።

አሜን እንዳትሉ! ገና ነው።

ሲሳይ በኋላ ያስረዳው ይህን ነው። ከልኩ በላይ የሚሮጥ ፕሮሰሰር ሲጠፋ ይሻላል። ሲጠፋ ታውቃላችሁ፤ ትነሣላችሁ፣ ትፈልጋላችሁ። ክፉው ሳይጠፋ የሚሳሳተው ነው። ያሰላል፣ ስሌቱ ስሕተት ነው። ይጽፋል፣ የጻፈው የተበላሸ ነው። ስክሪኑ ግን በትልቁ «ተጠናቋል» ይላል።

በዚያው ሰሞን ማከማቻው ሞልቶበት ነበር። ዳኛቸው ያልተሠሩትን የድሮ ሠርጎች አንድ በአንድ እያሳነሰ፣ ትንሽ ቦታ በሚይዝ ቅጂ አስቀመጣቸው። «ተጠናቋል» ባለው ቁጥር ዋናውን ደመሰሰ። ከፍቶ አላየም። ማን የሰው ሠርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያያል? ደግሞስ ጊዜው የት አለ? ማክሰኞ ሌላ መልስ አለ።

ከተደመሰሱት አንዱ የመቅደላዊት ሠርግ ነው።

አጭሩ ቪዲዮዋ ለመልሷ ደርሶላታል። ድንኳኑ አጨብጭቧል። ሙሉው ግን «ይደርሳል፣ ይደርሳል» እየተባለ ቀረ። አባቷ ጋሽ ላቀው ሲደውሉ «በዚህ ሳምንት ጋሼ» ይባላሉ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሌላ ሙሽራ አለ።

መቅደላዊት በወሊድ አረፈች።

ሐዘኑ ቀለል ሲል ጋሽ ላቀው ስቱዲዮው መጡ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል። ምንትዋብ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ልቆጣህ አልመጣሁም ልጄ» አሉት ዳኛቸውን። «አንድ ነገር ፈልጌ ነው። ከቤት ልትወጣ ስትል ጉልበቴን ስማኛለች። መርቄያታለሁ። ከዚያ ቀና ብላ አንድ ነገር አለችኝ። አጭሩ ላይ ይታያል፤ አፏ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን ዘፈኑ ነው። እኔ ያን ጊዜ እንባ ይዞኝ፣ እልልታውም በዝቶ አልሰማኋትም። በኋላ እጠይቃታለሁ ብዬ ተውኩት። አሁን ማንን ልጠይቅ? ድምፁ ያለበትን ስጠኝና ልስማት።»

ዳኛቸው «እሺ ጋሼ፣ አለ» አለ። አለ ብሎ ነው የሚያምነው። ከፈተው።

መጀመሪያው ደህና ነው። ጓሮ የሚጣደፉ ሴቶች ይታያሉ። አንድ አጎት ከረባቱን ማሰር አቅቶት ይሳቅበታል። ጋሽ ላቀውም ፈገግ አሉ። መቅደላዊት ከክፍሏ ወጣች፣ ወደ አባቷ ሄደች፣ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ምስሉ ተቆራረጠ። ፊቷ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተበተነ። ድምፁ ብረት በብረት ላይ ሲጎተት የሚወጣው ጩኸት ሆነ። ከዚያ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነና ቀረ። ዳኛቸው ወደፊት አሳለፈው። ምስሉ ሲመለስ መኪናው ሄዷል፤ ሰፈሩ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል።

ወደኋላ መለሰው። አረንጓዴ። እንደገና መለሰው። አረንጓዴ። ሲሳይ ተጠርቶ መጣ፤ ያለ የሌለ ዘዴውን ሁሉ ሞከረ። ዋናው ተደምስሷል፤ በላዩም የሌላ ሰው ሠርግ ተጽፎበታል። ሲሳይ ቁልፎቹን ነካ ነካ አድርጎ ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው ልክ መለሰው። ማንም አልከለከለውም። ኮምፒውተሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልታመመም። ለነገሩ መጀመሪያም አልታመመም ነበር። የጠፋው ግን እንደጠፋ ቀረ።

ጋሽ ላቀው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁት ይላል ዳኛቸው፤ እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

«አንተ ጆሮህ ላይ ትልቅ ማዳመጫ አድርገህ ነበር እኮ!» አሉት። «አጠገባችን ነበርክ። ማይኩ እሷ ላይ ነበር። አንተ ሰምተሃታል። ምን አለችኝ?»

ሰምቷታል፣ ወገኖቼ። በዚያ ግርግር ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ጥርት አድርጎ የሰማት እሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ የማዳምጠው… ድምፁ እንዳይጮኽ፣ እንዳያንስ ነበር። ድምፁ ጥሩ ነበረ። ያለችውን አላስታውስም።»

ጋሽ ላቀው «እሺ ልጄ» አሉ። ተነሡ። ምንትዋብ እያለቀሰች እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ኮምፒውተር የላችሁ ይሆናል። ከልክ በላይ የሚሮጥ ነገር ግን አላችሁ። ሰው ፊት የገባችሁት ቃል አላችሁ፤ በራችሁ ላይ የሰቀላችሁት። ጎበዝ ነው እንድትባሉ፣ ደረሰች እንድትባሉ፣ ከእነ እገሌ እንዳታንሱ። የፈጠራችሁ ልክ ሰጥቷችኋል። ለድካማችሁ እንቅልፍ ሰጥቷል፣ ለሳምንታችሁ የዕረፍት ቀን ሰጥቷል። እናንተ ግን ጣሪያው ላይ ናችሁ። ሻይ እስኪጠጣ ስላልወደቃችሁ የጸናችሁ መስሏችኋል።

ከዚያ ቤታችሁ ድርግም ይላል። በትንሹ በትልቁ ቁጣ ይሆናል። ልጅ አባቱ ሲገባ ወደ ጓዳ ይሸሻል። እናንተ ምን ትላላችሁ? «ኑሮው ነው። ዘመኑ ነው። አለቃዬ ነው።» አንተ ወንድሜ፣ አምፖሉ እንደበራ ነው! ሚስትህ ነግራሃለች። አንቺም እህቴ፣ እናትሽ ነግራሻለች። ጾም ጸሎት ትጨምራላችሁ፤ መልካም ነው። ሰፈር ትቀይራላችሁ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ትቀይራላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም የቀየራችሁ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። እግዚአብሔር ያንን አንዱን ነገር ሲነካባችሁስ? «ጌታ ሆይ፣ እሱን ተወውና ሌላ ነገር ንገረኝ።»

እኔ ግን የበለጠ የምፈራው ድርግም ለማትሉት ነው። ሁሉ ደህና ለሆነላችሁ። ምንም የማይጮኽባችሁ። ጩኸቱ የቆመው ስለበረደ ነው ወይስ ስለዘጋችሁት? በየቀኑ «ተጠናቋል» ትላላችሁ። ልጆቹ በልተዋል፣ ተጠናቋል። እናቴ ጋ ደውያለሁ፣ ተጠናቋል። ጸልያለሁ፣ ተጠናቋል። ከፍታችሁ አይታችሁታል? ውስጡ ምን ተጽፏል?

ዳኛቸው ዛሬም ሠርግ ይቀርጻል። በሩ ላይ የነበረውን ጽሑፍ አውርዶታል። ደንበኛ ቀንሶበታል፤ አላማረረም። ጋሽ ላቀው መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይሉታል፤ ክፉ ቃል ተናግረውት አያውቁም። እሱ ደግሞ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር ይላል። ይቅርታ ተደርጎለታል። እግዚአብሔርም ይቅር ብሎታል ብዬ አምናለሁ። የልጅቱን ቃል ግን ማንም አልመለሰላቸውም። ይቅር የተባለ ነገር ሁሉ የሚመለስ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ትወጣላችሁ። ቤት ትገባላችሁ። ከቤታችሁ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥና አንድ ነገር ይላችኋል። ምናልባት ትንሽ ነገር ነው። ትሰሙታላችሁ፤ «እህ» ትላላችሁ፤ ድምፁ ደህና መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ትቀጥላላችሁ።

ምን አለ ብዬ ነገ ብጠይቃችሁ፣ ትነግሩኛላችሁ?