አያ ጓንጉልና የአጥሩ ሐረግ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ዛሬ ላም የለም። «የዱባ ሐረግ» በሉ። በሉ እንጂ! እሺ፣ ጎሽ።

ድሮ ድሮ አያ ጓንጉል የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። ጉልበቱ የበሬ፣ ድምፁ የመብረቅ። ሥራው? ሥራማ የለውም። አጥር ለአጥር ደግሞ ደብሪቱ የምትባል ልጅ ከታማሚ እናቷ ጋር ትኖራለች። ያላቸው አንዲት ጓሮ ናት። እህል እስኪደርስ ነፍሳቸውን የሚያቆየው የጓሯቸው ዱባ ነው።

አምና አያ ጓንጉል መጣና «አጥር ላይ የወጣ ሐረግ ፍሬው የጎረቤት ነው፤ ሕጉ እንዲህ ነው!» ብሎ ዱባውን ጠራርጎ ወሰደ። ሕጉን ማን አወጣው? እሱ። መቼ? ዱባውን ሲያይ! እናትና ልጅ ጦማቸውን አደሩ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ደብሪቱ ፍግና አመድ ደባልቃ ዘሯን ቀበረች። አያ ጓንጉል በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«እንደ ዶሮ ፍግ ትጭሪያለሽ?»

«አዎ፣ አያ ጓንጉል።»

ሐምሌ ላይ አረመች።

«እንደ ፍየል ሣር ትነጫለሽ?»

«አዎ፣ አያ ጓንጉል።»

ነሐሴ ላይ ሐረጉን አጥሩ ላይ አወጣችው።

«ለእኔ ታሳድጊልኛለሽ?»

«አዎ፣ አያ ጓንጉል!» አለች። ይቺኛዋን ግን እየሳቀች ነው።

መስከረም ላይ አጥሩን አረንጓዴ ድቡልቡል ሞላው። አያ ጓንጉል ቆርጦ ቆርጦ በአህያ አስጫነና የአገሩን ሽማግሌዎች ለዱባ ወጥ ጠራ።

ሚስቱ አየችና «ኧረ ይሄ ቅል ነው!» አለችው።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ቀቅይ!»

ቀቀለች። ምን ቸገራት!

ሽማግሌዎቹ አንዴ ጎርሰው እንትፍ አሉ። ኮሶ ነው! አያ ጓንጉል ግን ኩሩ አይደል? «ምን ሆናችሁ? ይጣፍጣል!» ብሎ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በጣም ይጣፍጣል!» ብሎ ደገመ። ላብ አጠመቀው። ሦስተኛውን ሳይውጥ ሆዱን ይዞ ወደ ጫካ በረረ።

ሲመለስ «ያቺ ልጅ መርዝ አበላችኝ!» ብሎ ጮኸ። ደብሪቱ ተጠራች።

«አባቶቼ፣ እኔ አጥሩ ላይ ቅል ተከልኩ። 'የአጥሩ ፍሬ የእኔ ነው' ያሉት እሳቸው ናቸው። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፣ የቅል አበባ ነጭ። ክረምቱን ሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲስቁብኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አበባውን አላዩትም?»

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዱባውማ ከበቆሎው ጀርባ፣ መሀል ጓሮ ላይ ተኮፍሷል!

«ጓንጉል፣ ሕጉ ያንተ ነው» አሉት። «የአጥሩን ቅል ጨርሰህ ብላ። የአምናውን ዱባ ደግሞ በእህል ትተካለህ።»

ተካ፣ እያለቀሰ። ደብሪቱና እናቷ ጠገቡ። እሱን ግን እስኪሞት ድረስ አገሩ «አያ ቅሉ» እያለ ጠራው።

ለዚህ ነው፣ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የሚባለው።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዱባ ወጥ አብሱ። በዱባ አልኩ! ቅል ያመጣ ቀድሞ ይቅመስልኝ።