«በሞቴ» በጃፓንኛ

አንድ ጉረኛ ሹም ጃፓናዊ እንግዳውን ምሳ ጋብዞ «በሞቴ ይግቡ፣ በሞቴ ይቀመጡ፣ በሞቴ ይቅመሱ» ይለዋል። አብራቸው ያለችው አስተርጓሚም ለእያንዳንዱ ግብዣ በጃፓንኛ የሚያምርበትን አባባል እየመረጠች ታስተላልፋለች። ሹሙ ለአንዱ «በሞቴ» በየጊዜው የተለያየ ቃል ስትል ሲሰማ ተቆጣ።

«እኔ አንድ ቃል እያልኩ አንቺ ምን ቆርጦሽ ነው የምትለዋውጪው? ከእንግዲህ ‹በሞቴ›ን ቃል በቃል ተርጉሚ፤ አለዚያ ከሥራሽ ትባረሪያለሽ!»

«እሺ ጌታዬ» አለች።

ሹሙ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ!» አለ። ተረጎመችለት። እንግዳው ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆመ።

«ምን አልሻቸው?» አለ ሹሙ፣ ጉርሻው በእጁ እንደቀረ።

«እንዳዘዙኝ ሞትዎን ነገርኳቸው፤ የሕሊና ጸሎት እያደረጉልዎ ነው። አሁን ወይ እርስዎ ይሙቱ፣ ወይ እኔ እንደሚስማማው ልተርጉም።»