ልብስ ሰፊው እና የለመደች እጅ

አንድ ይመር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ብሽሽቱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶበት ዓመት ሙሉ ደበቀው። የስፌት መኪናውን በእግሩ በረገጠ ቁጥር እብጠቱ ይወጣል፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በመዳፉ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር እስከ መቼ ይደበቃል? አንድ ቀን አልመለስ ብሎ ግማሽ ሰዓት ሲያስጨንቀው፣ ክው ብሎ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

ሐኪሟ መረመረችውና «ቡአ ነው» አለችው። «የሆድዎ ግድግዳ ሳስቶ አንጀት እየገፋ ነው። ተቀርቅሮ የቀረ ቀን ሕይወትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። ሳስቶ የተቀደደውን ለዚሁ በተሠራ ስስ መረብ እንጠግነዋለን።»

ይመር የጎረቤቱ ወንድም ይኸው ሕመም ይዞት ሌላ ከተማ ሆዱ ሳይከፈት፣ ውስጡ በትንሽ ካሜራ እየታየ ተሠርቶ፣ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ይዞ፣ በሳምንቱ ሥራ መግባቱን ሰምቷል። «እኔንም በካሜራው ይሥሩኝ» አላት።

«በካሜራው ሕመሙ ይቀላል፣ ሥራም ቶሎ ይገባሉ፤ ግን ሙሉ ማደንዘዣና የለመደ እጅ ይፈልጋል። በክፍቱ፣ ማለትም ቆዳውን ከፍተን ስንሠራ፣ ቁስሉ የጣት ርዝመት ነው፣ ለማገገም ትንሽ ይቆያል፤ ጥገናው ግን በደንብ ይይዛል። መሣሪያው እኛም ጋ መጥቷል። እውነቱን ልንገርዎ፣ በካሜራ ብቻዬን የሠራሁት አራት ሰው ነው። በክፍቱ ግን መቁጠር ከተውኩ ቆይቷል። ካሜራውን ከመረጡ ሌላ ሆስፒታል ላለ የለመደ ሐኪም እጽፍልዎታለሁ፤ ወረፋው አራት ወር ነው።»

ይመር ፍርሃቱ ብሶበት ቤቱ ገባ። አራት ወር ቢጠብቅ አንጀቱ ሊቀረቀር ነው። እዚሁ በካሜራ ቢሠራ ደግሞ ሐኪሟ አልለመድኩም ብላዋለች። «አላውቅበትም የምትል ሐኪም እንዴት ትታመናለች?» አላት ባለቤቱን ዘነበችን። «በእኛ ሙያ እንዲያ ያለ ሰው ሱቁን ይዘጋል።»

ዘነበች ምላሷን የምትይዝ ሴት አይደለችም። «የዚያን ሙሽራ ሱፍ ረሳኸው? ኮት ሰፍተህ የማታውቅ ሰው አውቃለሁ ብለህ መቀስ አነሳህበት። ልጁ በተዋሰው ኮት አገባ። ያኔ አልለመድኩም ብትለው ምን ነበረበት?»

ይመር ተነሥቶ ሣጥኑን ከፈተ። ያ ሱፍ እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ፤ እጅጌው አጥሮ፣ ትከሻው ተጣሞ። ጨርቅ ተበላሽቶ ይቀራል፣ ሆድስ? በማግሥቱ ተመልሶ «ዶክተር፣ እጅዎ የለመደውን ይሥሩልኝ» አላት።

ከወገቡ በታች ደንዝዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። ከመጋረጃው ወዲያ የመቀሷን ድምፅ ሰማ። ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዘ ሰው ነውና፣ የሚያመነታ እጅ ድምፁ እንደሚቆራረጥ ያውቃል። ይሄኛው አልተቆራረጠም። ያን ጊዜ ትንፋሹ መለስ አለለት።

ከሳምንታት በኋላ መኪናውን መርገጥ ጀመረ። ጠባሳው የጣት ያህል ቢሆንም ጥገናው ይዟል፤ ይመርም የሙሽራውን ሱፍ ከሣጥን አውጥቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ለምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ «አልለመድኩም ማለት አፍሬ ያበላሸሁት ነው» ይላል።

የቁስል ትንሽነት ለዓይን ይታያል። የእጅ ልምድ ግን ባለቤቱ ካልተናገረ አይታይም። ስለዚህ የትኛው ዘዴ ይሻላል ብለን ስንጠይቅ፣ ይህች እጅ የቱን ለምዳለች ብለንም እንጠይቅ። አልለመድኩም ያለንን ሰውም አንናቀው፤ ከጉዳት የሚያተርፈን እሱ ሊሆን ይችላል። እናንተስ፣ ሰው አምኗችሁ በመጣ ጊዜ «ይሄን አልለመድኩትም» ብላችሁ ታውቃላችሁ?